የሳሳ አየርና ትንሽ ሞተር፦ ከዛሪማ እስከ ደባርቅ ዳገት ለሚጓዝ አሮጌ ሞተር ሳይክል የነዳጅ ኢንጀክሽንና የተርቦ ፋይዳ

መግቢያ

ከጎንደር ተነስቶ በደባርቅ በኩል ወደ አዲ አርቃይ የሚያመራው መንገድ ደባርቅን እንዳለፈ የሊማሊሞን ገደል በጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርድና ወደ ዛሪማ ቆላ ይገባል። የሊማሊሞ መንገድ መጀመሪያ ተራራው ተጠርቦ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ውስጥ ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ወደ ተከዜ በሚፈሰው በዛሪማ ወንዝ ስም የምትጠራው ትንሿ ከተማ በ1,250 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1,600 ሜትር ያህል ነው።

ይህ ልዩነት ለትንሽ ሞተር ሳይክል ቀላል ፈተና አይደለም። ዛሪማ ላይ በደህና የተነሳ ሞተር ወደ ሊማሊሞ አናት ሲቃረብ ድምፁ ይታፈናል፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ በጥላሸት ተሸፍኖ ይገኛል። ሰው ወይም ጭነት አፈናጦ የሚወጣ ባለሞተር ይህን ሲያይ ሞተሩ ያረጀ ይመስለዋል። ከዚህ በኋላ ሁለት ሐሳቦች በተደጋጋሚ ይነሣሉ። አንደኛው ካርቡራተሩን አውጥቶ በኤሌክትሮኒክ የነዳጅ ኢንጀክሽን መተካት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የጭሱን ኃይል ተጠቅሞ አየር የሚጨምር ተርቦ መግጠም ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ማሻሻያዎች በየትኛው ችግር ላይ እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚጠይቁና በዚህ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ በስሌት ማስረዳት ነው። ለስሌቱ መነሻ የተወሰደው በአራት ምት የሚሠራ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና 144.8 ሲሲ ሞተር ነው። ይህ መጠን ባጃጅ ቦክሰር 150 በመባል የሚታወቀው ሞተር ሳይክል መጠን ሲሆን፣ አምራቹ የሚገልጸው ከፍተኛ ጉልበት በደቂቃ 7,500 ዙር ላይ 12 የፈረስ ጉልበት ነው።

ከፍታና የአየር እፍጋት

ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ከቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ቤንዚኑን ከሚያቃጥለው ኦክስጅንም ጭምር ነው። ፒስተኑ በእያንዳንዱ የመሳብ ምት የሚያስገባው የአየር ይዘት በየትም ቦታ ተመሳሳይ ነው። የሚለያየው በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው የአየር ክብደት ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት በባሕር ጠለል ላይ 101.3 ኪሎ ፓስካል የሆነው ግፊት በዛሪማ ከፍታ ወደ 87፣ በጎንደር ወደ 78፣ በደባርቅ ደግሞ ወደ 71.5 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባለው ጨነቅ፣ ማለትም በ3,600 ሜትር አካባቢ፣ 65 ኪሎ ፓስካል ገደማ ብቻ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ግፊት ብቻውን ሙሉውን ሥዕል አያሳይም። የዛሪማ ቆላ ሙቀት አየሩን ያሳሳዋል፤ የደባርቅ ብርድ ደግሞ በተቃራኒው ያፍገዋል። ዛሪማ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ደባርቅ 12 ዲግሪ በሆነበት ቀን የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት በዛሪማ 1.00 ኪሎ ግራም፣ በደባርቅ 0.87 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በባሕር ጠለል በ15 ዲግሪ ሙቀት ክብደቱ 1.225 ኪሎ ግራም ነው። በመሆኑም ዛሪማ ላይ የቆመው ሞተር ገና ዳገቱን ሳይጀምር ከመደበኛው አየር 18 በመቶውን አጥቷል። ደባርቅ ሲደርስ ጉድለቱ 29 በመቶ ይሆናል። የሞተሩ ጉልበት ከአየሩ ክብደት ጋር በቀጥታ ይሄዳል ተብሎ ቢወሰድ፣ 12 የነበረው የፈረስ ጉልበት በዛሪማ ወደ 9.8፣ በደባርቅ ወደ 8.6 ይወርዳል።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ማስጠንቀቂያ ይከተላል። በጋራዥ የሲሊንደር ግፊት የሚለካበት መሣሪያ የሚያሳየው ቁጥርም ከከፍታ ጋር አብሮ ይቀንሳል። በባሕር ጠለል 1,100 ኪሎ ፓስካል የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በደባርቅ 775 ገደማ ብቻ ሊያሳይ ይችላል። የአምራቹን መጽሐፍ ብቻ የሚያነብ መካኒክ ይህን ቁጥር አይቶ የፒስተን ቀለበት አልቋል ብሎ ቢፈርድ ጤነኛ ሞተር ይፈታል። ስለዚህ የማንኛውም ማሻሻያ የመጀመሪያ እርምጃ ልኬቱን ከቦታው ከፍታ ጋር ማስታረቅ ነው።

ካርቡራተር በዳገት ላይ የሚሳሳተው ለምንድን ነው?

ካርቡራተር ነዳጅ የሚለካው የአየሩን ፍጥነት ተጠቅሞ ነው። አየር በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ይህ የግፊት ልዩነት ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ በኩል ይስበዋል። አየሩ ሲሳሳ የሚገባው የአየር ክብደት በእፍጋቱ ልክ ይቀንሳል። የሚሳበው ነዳጅ ግን የሚቀንሰው በእፍጋቱ ስኩዌር ሩት ልክ ብቻ ነው። ስለሆነም ነዳጁ አየሩ በቀነሰበት መጠን አይቀንስም፤ ድብልቁም በነዳጅ ይወፍራል።

ለዛሪማ በትክክል የተስተካከለ ካርቡራተር ደባርቅ ሲደርስ ድብልቁ 7 በመቶ ያህል ይወፍራል። ከፋብሪካ እንደወጣ ለባሕር ጠለል እንደተስተካከለ የቀረ ከሆነ ግን በደባርቅ ላይ ውፍረቱ 18 በመቶ ይደርሳል። ለአንድ ግራም ቤንዚን 13 ግራም አየር የነበረው ምጣኔ ወደ 11 ይወርዳል ማለት ነው። ጥቁሩ ጭስ፣ የካንዴላው ጥላሸትና የድምፁ መታፈን ምንጫቸው ይህ ነው። ትርፍ ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ስለሚያጥብ በረጅም ጊዜ እውነተኛ እርጅናን ያፋጥናል፤ ከማርሚታው የሚወጣው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠንም ይጨምራል። እንግዲህ በዳገቱ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ። አንደኛው የአየር ማነስ ሲሆን ሁለተኛው የነዳጅ መብዛት ነው። ኢንጀክሽን የሚፈታው ሁለተኛውን ብቻ፣ ተርቦ ደግሞ የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ችግር ለመቀነስ ከሁሉ የሚረክሰው መንገድ ዋናውን የነዳጅ ቀዳዳ በጠባብ መተካት ነው። ለባሕር ጠለል አንድ ሚሊ ሜትር የነበረ ቀዳዳ ለደባርቅ ወደ 0.92 ሚሊ ሜትር መጥበብ ይኖርበታል። ይህ ማስተካከያ ለደባርቅ ብቻ ከተደረገ ግን ሞተሩ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ድብልቁ በ7 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ ድብልቅ በቆላ ሙቀትና በሙሉ ጭነት ላይ የሲሊንደሩን ራስ ያግላል። በመካከለኛ ከፍታ፣ ማለትም በ2,000 ሜትር አካባቢ፣ ላይ ተመሥርቶ ከተስተካከለ ስሕተቱ በሁለቱም ጫፎች ወደ 3.5 በመቶ ዝቅ ይላል። ይህን ያህል ስሕተት አንድ ተራ ሞተር ያለ ጉዳት ይሸከመዋል።

የነዳጅ ኢንጀክሽን አሠራር

ኢንጀክሽን ነዳጅን በአየር ፍጥነት ከመገመት ይልቅ የአየሩን ክብደት አስልቶ ይወስናል። በአየር ማስገቢያው ላይ ያለ ሰንሰር ግፊትን፣ ሌላው የአየሩን ሙቀት፣ ሦስተኛው የጋዝ መክፈቻውን አቋም፣ አራተኛው የክራንክ ሻፍቱን ዙር ይለካል። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የግፊት ሰንሰሩ የሚያነበው የከባቢውን አየር ግፊት ስለሆነ፣ መቆጣጠሪያው ዛሪማም ሆነ ደባርቅ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

የሥራው ረቂቅነት በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 7,500 ጊዜ ሲዞርና ሲሊንደሩ 85 በመቶ ይሞላል ተብሎ ሲወሰድ፣ በዛሪማ አየር ለአንድ ፍንዳታ የሚያስፈልገው ቤንዚን 9.5 ሚሊ ግራም፣ በደባርቅ አየር ደግሞ 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሺኛ ግራም ትንሽ ብቻ ይበልጣል። አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚስብ አንዱ ዑደት የሚፈጀው 16 ሚሊ ሰከንድ ነው። ኢንጀክተሩም በዚህ ጊዜ ውስጥ ተከፍቶ፣ ረጭቶ መዘጋት አለበት።

ይህ ቴክኖሎጂ ለትንሽ ሞተር እንግዳ አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ያጸናችው የጭስ ልቀት ደንብ በአገሪቱ የሚሸጡ አብዛኞቹን ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ወደ ኢንጀክሽን አሸጋግሯቸዋል። በመሆኑም ለ125 እና ለ150 ሲሲ ሞተር የሚስማማ ኢንጀክተር፣ ፖምፓና የአየር ማስገቢያ አካል በተመጣጣኝ መጠን ይመረታል። ለአሮጌ ሞተር መለዋወጫ የሚገኝበት መንገድም በአብዛኛው ይኸው ነው።

እንቅፋቱ ከኤሌክትሪክ ይጀምራል። ካርቡራተር ለነዳጅ የኤሌክትሪክ ኃይል አይፈልግም፤ ቤንዚን ከታንኩ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ኢንጀክሽን ግን ነዳጁን እስከ 250 ወይም 300 ኪሎ ፓስካል የሚገፋ ፖምፓ ይፈልጋል። ፖምፓው፣ ኢንጀክተሩና መቆጣጠሪያው በአንድነት ከ40 እስከ 60 ዋት አካባቢ ይወስዳሉ። በ6 ቮልት የሚሠራ፣ ዲናሞው ለአንድ የፊት መብራትና ለካንዴላ ብልጭታ ብቻ የተሰላ አሮጌ ሞተር ሳይክል ይህን አይሸከምም። ዲናሞውን ዳግመኛ መጠምጠም፣ ወደ 12 ቮልት መለወጥና የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ መጨመር ያስፈልጋል። ይህ ሳይሟላ የሚገጠም ኢንጀክሽን ባትሪው በደከመ ቀን በእግር ርግጫም አይነሣም፤ በገደል አፋፍ ላይ እንዲህ ያለው ብልሽት ከጥቁር ጭስ የከፋ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት የነዳጁ ንጽሕና ነው። ከማደያ ርቆ በጀሪካንና በተለምዶ ‹ሃይላንድ› በሚባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን አቧራና ውኃ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ካርቡራተር ሲዘጋ በመፍቻና በትንፋሽ ይጸዳል። የኢንጀክተር ቀዳዳዎች ግን ከዚያ እጅግ የቀጠኑ በመሆናቸው በመንገድ ዳር አይጸዱም። ስለዚህ በታንኩና በፖምፓው መካከል ውኃን የሚለይ ማጣሪያ፣ ከፖምፓው በኋላ ደግሞ ደቃቅ ማጣሪያ መግጠም የዲዛይኑ አካል ሊሆን ይገባል።

ተርቦ፦ ከከፍታ የተወለደ መፍትሔ

በጭስ የሚሽከረከር መጭመቂያ በስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ ስም የፓተንት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። የመሣሪያው ትርጉም በጉልህ የታየው ግን በተራራ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው፣ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ አወጣው። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ተርቦው ሲሠራ ግን 356 ሰጠ። የፓይክስ ፒክ ከፍታ ከራስ ዳሸን ብዙ ስለማያንስ፣ የሙከራው ትምህርት ለሰሜን ጎንደር ደጋ እንግዳ አይደለም። የተርቦ የመጀመሪያ ታላቅ አገልግሎት ሞተርን ከተፈጥሮው በላይ ማጠንከር ሳይሆን ከፍታ የነጠቀውን መመለስ ነበር።

በሞተር ሳይክል ታሪክ ውስጥ ተርቦ ገንኖ የታየው ለአጭር ጊዜ ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲኤክስ 500 ተርቦን ከኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ጋር ለገበያ አቀረበ። ይህ 497 ሲሲ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር 82 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ያማሃ በኤክስጄ 650 ተርቦ ካርቡራተርን ይዞ ሲቀጥል፣ ሱዙኪና ካዋሳኪ በኢንጀክሽን የሚሠሩ የራሳቸውን ተርቦ ሞተሮች አወጡ። የአሥር ዓመቱ እኩሌታ ካለፈ በኋላ ግን አራቱም ከዚህ መንገድ ወጥተዋል። ክብደቱ፣ ዋጋውና ጋዝ ከተሰጠ በኋላ ጉልበቱ ዘግይቶ መምጣቱ ገዢን አላበዛም። ከዚህ ታሪክ ለአሮጌ ሞተር አሻሻይ ሁለት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ሆንዳ ተርቦ ሲገጥም የሲሊንደሩን የመጭመቂያ ምጣኔ ከ10 ለ 1 ወደ 7.2 ለ 1 ዝቅ አድርጎ ነው፤ የውስጥ አካሉ ሳይለወጥ ከውጭ የተቀጠለ ተርቦ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ከአራቱ ትንሹ እንኳ እዚህ ከተወሰደው ሞተር ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጣል።

ተርቦ በአንድ ትንሽ ሲሊንደር ላይ

የመጀመሪያው ችግር ልክ ነው። በብዛት የሚገኙት ትንንሽ ተርቦዎች የተሠሩት ለምሳሌ እስከ 64 የፈረስ ጉልበት ለሚሰጡ 660 ሲሲ የጃፓን ትንንሽ መኪኖች ነው። የ12 የፈረስ ጉልበት ሞተር የሚያወጣው ጭስ የዚያን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ተርባይኑን ወደ ሚፈለገው ፍጥነት ለማድረስ ይቸገራል። ሁለተኛው ችግር ምቱ ነው። አንድ ሲሊንደር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ ጭስ ያስወጣል፣ አንድ ጊዜ ብቻ አየር ይስባል። መጭመቂያው ግን ሳያቋርጥ መንፋት ይፈልጋል። ስለዚህ በመጭመቂያውና በሞተሩ መካከል ከሲሊንደሩ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ የአየር ማጠራቀሚያ መኖር አለበት፤ ይህ ደግሞ የጉልበቱን መዘግየት ያባብሳል።

ሦስተኛው ዘይት ነው። የተርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር የሚችል ሲሆን የሚንሳፈፈው በግፊት በሚደርሰው ቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ነው። በትንሽ ሞተር ሳይክል ግን አንድ ሊትር ገደማ የሆነው ዘይት ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን በአንድነት ያገለግላል። የፍሪሲዮን ብናኝ የያዘ ዘይት ወደ ተርቦ ሲሄድ ዘንጉን ይበላዋል። በሁለት ምት የሚሠሩ አሮጌ ሞተሮች፣ ለእርሻ ሥራ ተብሎ እንደተሠራው ያማሃ ኤጂ 100 ያሉት፣ ደግሞ ለተርቦ የሚሰጥ በግፊት የሚዘዋወር የሞተር ዘይት ስለሌላቸውና የጭስ ቱቦአቸው ቅርጽ ራሱ የሲሊንደሩን መሞላት ስለሚወስን ለዚህ ማሻሻያ አይመቹም።

አራተኛውና ዋናው ሙቀት ነው። ደባርቅ ላይ 71.5 ኪሎ ፓስካል የሆነውን ግፊት በባሕር ጠለል ወዳለው፣ ማለትም ወደ 100 ኪሎ ፓስካል፣ ለመመለስ አየሩን 1.4 ጊዜ መጭመቅ ያስፈልጋል። ብቃቱ 60 በመቶ የሆነ መጭመቂያ 12 ዲግሪ የነበረውን አየር ወደ 60 ዲግሪ ያደርሰዋል። የሞቀ አየር ደግሞ የሳሳ አየር ነው። ግፊቱ በ40 በመቶ ሲጨምር እፍጋቱ የሚጨምረው በ20 በመቶ ብቻ ይሆናል። ማቀዝቀዣ ተጨምሮ አየሩ ወደ 35 ዲግሪ ቢወርድ ጭማሪው 29 በመቶ ይደርሳል። በውጤቱም 8.6 የነበረው የፈረስ ጉልበት ያለ ማቀዝቀዣ ወደ 10.3፣ ከማቀዝቀዣ ጋር ወደ 11.1 ይመለሳል። ይህ ሁሉ ዕቃ ተገጥሞ ሞተሩ የሚደርሰው በባሕር ጠለል ያለ ምንም ጭማሪ ወደሚሰጠው 12 የፈረስ ጉልበት ገና ሳይደርስ ነው።

አደጋው የሚመጣው በቁልቁለቱ መጨረሻ ነው። የተርቦን ግፊት የሚገድበው የጭስ ማለፊያ በር በምንጭ ሽቦ ብቻ የሚሠራ ከሆነ የሚጠብቀው ጠቅላላ ግፊትን ሳይሆን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ልዩነት ነው። ደባርቅ ላይ 29 ኪሎ ፓስካል እንዲጨምር የተስተካከለ በር በዛሪማም ያንኑ 29 ይጨምራል። ጠቅላላው ግን 87 ላይ ተደምሮ 116 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። መነሻው 30 ዲግሪ የሆነ አየርም ተጨምቆ ከ70 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በዚህ ግፊትና ሙቀት፣ በአየር ብቻ በሚቀዘቅዝ ሲሊንደር ውስጥ፣ ድብልቁ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ የሚቀጣጠልበት ማንኳኳት ይከሰታል፤ መጨረሻውም የተበሳ ፒስተን ሊሆን ይችላል። ተርቦ በደጋ ሞተሩን ወደ ተፈጥሮው ሲመልሰው በቆላ ከተፈጥሮው ያወጣዋል። ስለዚህ ተርቦ የሚገጠም ከሆነ ግፊቱን በጠቅላላ መጠን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት የግድ ነው። ይህ ሥርዓት የሚኖረው ደግሞ ኢንጀክሽን ቀድሞ ሲገጠም ነው።

ዳገቱ በእርግጥ ምን ያህል ጉልበት ይጠይቃል?

ከሁሉ አስቀድሞ መነሣት የነበረበት፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚዘለለው ጥያቄ ይህ ነው። ሞተር ሳይክሉ፣ ነጂው፣ ተፈናጣጩና ጭነቱ በአንድነት 280 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ዳገቱም በየመቶ ሜትሩ 8 ሜትር ይወጣል እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት፣ የመንገዱን መጎተት፣ የአየሩን መቋቋምና በካቴናና በካምቢዮ የሚጠፋውን ጨምሮ፣ ከሞተሩ የሚፈለገው 4 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ደግሞ 7.3 ያህል ያስፈልጋል። በደባርቅ የሳሳ አየር ውስጥ የቀረው 8.6 የፈረስ ጉልበት ከሁለቱም ይበልጣል።

በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ራሱ ጥንቃቄ የሚፈልግ ፍጥነት ነው። እንግዲህ ጤነኛና በትክክል የተስተካከለ ሞተር ለዚህ ዳገት የሚበቃ ከፍተኛ ጉልበት አለው። የሚጎድለው በዝቅተኛ ዙር ላይ የሚገኝ ጠምዛዥ ኃይል ነው። ተርቦ ደካማ የሚሆነው በዚሁ በዝቅተኛ ዙር ላይ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ተርባይኑ ይቀዘቅዛል፣ ከመታጠፊያው ወጥቶ ጋዝ ሲሰጥም ጉልበቱ ዘግይቶ በድንገት ይመጣል። በጠጠርና በጭቃ ላይ ይህ ድንገተኛነት ጎማን ያንሸራትታል። በአንጻሩ ባለ 14 ጥርሱን የፊት ፒኞን በባለ 13 መለወጥ በጎማው ላይ ያለውን ጠምዛዥ ኃይል በሁሉም ዙር በ7.7 በመቶ ያሳድጋል፤ ዋጋውም ከአንድ ካቴና ጥገና አይበልጥም።

መውረዱም ከስሌቱ መውጣት የለበትም። ይኸው 280 ኪሎ ግራም ከደባርቅ ወደ ዛሪማ 1,600 ሜትር ሲወርድ ወደ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል በፍሬን፣ በሞተሩ መያዝና በአየር መቋቋም በኩል ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ፍጥነት ከ50 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ፍሬን ሊያቆመው የሚገባው ኃይል በ44 በመቶ ይጨምራል። ጉልበት የሚጨምር ማንኛውም ማሻሻያ የፍሬን ማሻሻያ ካልተከተለው መውጣትን አቅልሎ መውረድን ያከብዳል።

የማሻሻያው ቅደም ተከተል

ከላይ የተገለጹት ስሌቶች አንድ ተራ ያሳያሉ። በመጀመሪያ የሞተሩ ጤንነት ከቦታው ከፍታ ጋር በተስማማ ልኬት ይረጋገጥ፤ የቫልቭ ክፍተት፣ የአየር ማጣሪያና ካንዴላ ይፈተሹ። ቀጥሎ የካርቡራተሩ ዋና ቀዳዳ፣ መርፌና የዝቅተኛ ዙር ቀዳዳ ለመካከለኛ ከፍታ ይስተካከሉ። ሦስተኛ ፒኞኑ ይለወጥ። በዛሪማና በደባርቅ መካከል ብቻ ለሚመላለስ ሞተር ሳይክል እነዚህ ሦስቱ አብዛኛውን ቅሬታ ይፈታሉ።

ኢንጀክሽን ትርጉም የሚያገኘው የከፍታው ክልል ሲሰፋ ነው። ከዛሪማ ተነስቶ እስከ ጨነቅ ለሚወጣ ሞተር የድብልቁ ስሕተት ወደ 12 በመቶ ስለሚያድግ አንድ ቋሚ ቀዳዳ ሁለቱን ጫፎች ማስታረቅ ይከብደዋል። ለመግጠሙ ግን በቂ ዲናሞ፣ ጥሩ ባትሪ፣ ውኃ የሚለይ ማጣሪያና የሰንሰር ብልሽት የሚያነብ መሣሪያ ያለው ጋራዥ በቅርብ መኖራቸው ቅድመ ሁኔታዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ካርቡራተሩ ባለበት ቢቆይ ይሻላል።

ተርቦ በዚህ ተራ መጨረሻው ላይ ይቀመጣል። ለዕለት አገልግሎት የሚሰጠው ጥቅም ከሚያመጣው ሙቀት፣ ክብደትና የዘይት ጣጣ አይበልጥም። ለምርምር ግን ዋጋ አለው፤ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ የአየር ግፊትን ከ87 ወደ 65 ኪሎ ፓስካል የሚቀይር መንገድ ሌላው ዓለም በውድ ክፍል ውስጥ በሰው ሠራሽ መንገድ የሚፈጥረው ቤተ ሙከራ ነው። አንድ ዓይነት ሞተር ሳይክል፣ አንድ ዓይነት ጭነትና በማርሚታው ላይ የተገጠመ የኦክስጅን ሰንሰር ይዞ በዛሪማና በደባርቅ መካከል የሚደረግ ተደጋጋሚ ጉዞ፣ እዚህ በስሌት የቀረቡትን ቁጥሮች በልኬት ለማረጋገጥ ወይም ለማረም ይበቃል።

ማጠቃለያ

በሊማሊሞ ዳገት ላይ የሚታፈን ትንሽ ሞተር ሁልጊዜ ያረጀ ሞተር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አየር የጎደለው፣ ከዚያም በላይ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ነው። የአየሩ ጉድለት 29 በመቶ ቢደርስም የቀረው ጉልበት ለዳገቱ ይበቃል፤ የቤንዚኑ ትርፍ ግን ጉልበትን፣ ገንዘብንና የሞተሩን ዕድሜ አብሮ ይበላል። ስለሆነም መጀመሪያ መታረም ያለበት ድብልቁ ነው፤ ይህም እንደ ጉዞው ርቀትና እንደ ጋራዡ አቅም በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ወይም በኢንጀክሽን ሊፈጸም ይችላል። ባለሞተሩ ለተርቦ ሊያወጣ ያሰበውን ገንዘብ ለፍሬን፣ ለጎማና ለካቴና ቢያውለው፣ ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱንም በደህና የመውረድ ዕድሉ ይሰፋል።